የታመመ ብቻ ላኩልኝ

ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ይህን ደብተር የገዛሁት ታሪኬን ልጽፍበት ብዬ አይደለም፤ እጄ የሚይዘው ቢያጣ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲጋራ የለመደ እጅ ባዶውን መቀመጥ አይችልም። ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ሬዲዮ ይነካካል፣ ታጥፎ የተቀመጠ ልብስ ይበትናል። ትናንት ደህናውን የኩሽና ቧንቧ ፈታሁትና ሲያንጠባጥብ ዋለ። ባለቤቴ አልማዝ ትዕግሥቷ አልቆ "ኧረ አቦ ሙሌ፣ ወይ ውጣ ወይ ተኛ!" አለችኝ። ሁለቱም አልሆነልኝም። ወጥቼ ከበር ተመለስኩ፣ ተኝቼ ተነሳሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ።

ነርስ ነበርኩ። ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ከተመረቅሁበት ቀን እስከ ጡረታዬ ከድሬዳዋና ከዙሪያዋ ሳልወጣ ሠራሁ። የዛሬ ሦስት ወር ስሰናበት የጤና ጣቢያው ልጆች ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ሰዓት ለሚጣደፍ ሰው ነው፣ ለጡረተኛ ምን ያደርግለታል ብዬ በሆዴ ታዝቤያቸው ነበር። አሁን ግን ቀኑን ሙሉ እሱን ነው የማየው። ስምንት ሰዓት ላይ የምሄድበት ቤት አለኝ። ከተማው ምሳውን በልቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ጫቱን ይዞ ጋደም የሚልበት ሰዓት ነው፤ ለእኔ ከቀኑ ሁሉ የከፋው እሱ ነው። የት እንደምሄድና ለምን እንደምሄድ ለማስረዳት ግን ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

የመጀመሪያ ምድቤ ቢዮ አዋሌ ነበር። ሁለት ክፍል ክሊኒክ፣ አንዲት ጽዳት፣ አንድ ዘበኛና እኔ። ደመወዙን አላነሳውም፣ ያን ዘመን የሠራ ያውቀዋል። እዚያ ሁለት ነገር ተማርኩ፤ መርፌ ሳያሳምሙ መውጋትና ማጨስ። መርፌው እንዲህ ነው። በሽተኛውን ስለ ከብቱ ትጠይቀዋለህ። መልሱን ሲጀምር ጡንቻውን መታ ታደርግና በዚያው ትወጋለህ። ስለ ፍየሎቹ መሞት እያወራልህ መርፌው ገብቶ ይወጣል። ማጨሱን ያስተማረኝ ደግሞ መድኃኒት የሚያመጣልን ሾፌር ነው። በሽተኛ የሌለበት ከሰዓት በኋላ አያልቅም፤ አንድ ፍሬ ሲጋራ ያሳጥረዋል ብሎ ሰጠኝ፣ እውነትም አሳጠረው። ዋሂል ወደሚባል ሌላ ገጠር ስዛወር በቀን አምስት ፍሬ ደርሼ ነበር። ከተማ ስገባ መቁጠር ተውኩ።

ከተማ የተመደብኩት ቲቢ ክፍል ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሮማን ትባል ነበር። እኛ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አናውቅም፣ ትልቁንም ትንሹንም አንተ አንቺ ነው የምንለው። እሷን ግን አንቺ የሚላት ሰው ራሱ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ስትሠራ የማትቀመጥ ሴት ነበረች። ወንበሯ ላይ ካርድ እንጂ ሰው ተቀምጦ አላየሁም።

ሦስት ልማድ ነበራት። አንደኛው፣ በሽተኛው ከመግባቱ በፊት ሳሉን ከበር ታዳምጣለች። እኔ ስሙን ልጽፍ ብዕር ስፈልግ እሷ ዓይኗን ጨፍና "ይሄ የኛ ነው፣ አክታውን ተቀበል" ወይም "ይሄ የሲጋራ ነው" ትላለች። ላቦራቶሪው ከእሷ የተለየ ውጤት ሲያወጣ ያየሁት ጥቂት ቀን ነው። ሁለተኛው የኪኒን ነው። የቲቢ ኪኒን በሽተኛው ፊትህ መዋጥ አለበት፤ ያቅለሸለሸው ሰው ግን ምላሱ ሥር ደብቆ ውጭ ይተፋዋል። ሲስተር ሮማን አፍህን ክፈት ብላ አታዋርድም። "ዋጥክ? ጎበዝ! እስቲ የአያትህን ስም ንገረኝ" ትላለች። ኪኒን አፉ ውስጥ ያለ ሰው የአያቱን ስም አጥርቶ መጥራት አይችልም።

ሦስተኛው ቀጠሮ ነው። ቀጠሮ በእጇ ትጽፋለች፣ ወረቀቱን ከመስጠቷ በፊት በሽተኛውን በቋንቋው ታስደግመዋለች። ኦሮምኛም ሶማልኛም ይሁን ቀኑን ከአፉ ካልሰማች ወረቀቱን አትለቅም። በቀጠሮው ቀን የቀረ ካለ ምሳ ሳይደርስ ጃንጥላዋን ይዛ በእግሯ ፍለጋ ትወጣለች። በዚያ ፀሐይ! "ሲስተር፣ ነገ ይመጣል፣ ምን አስቸኮለሽ?" ስላት "ቀጠሮ የሰጠሁት ሰው የኔ ሰው ነው" አለችኝ።

እኔ የማጨሰው ከቆሻሻ ማቃጠያው ጀርባ ነበር። የሲሪንጅና የፋሻ ጭስ የእኔን ጭስ ይሸፍንልኛል ብዬ ነው። ከዚያ ቅርንፉድ አኝኬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ጠዋት መሳቢያዬን ስከፍት በወረቀት የተጠቀለለ ቅርንፉድ አገኘሁ። ቀና ስል ሲስተር ሮማን ካርድ እየደረደረች ነው። "ያንተንም ሳል ከበር ሰምቼዋለሁ" አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። እኔም አፈርኩ፣ አጨስኩም። በዓመቱ እሷ ጡረታ ወጣች፣ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ነፍሷን ይማር።

አሁን ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። ከዚያ አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ፈልጌ አኘክሁ። ከዚያ ሰዓቱን አየሁ። አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ቀጥዬ ልጻፍ።

ከሲስተር ሮማን በኋላ እኔ ወደ ተመላላሽ ክፍል ተዛወርኩ። ሸምሱን ያገኘሁት እዚያ ነው። ሸምሱ መጋላ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። መጋረጃ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ልብስ፣ ሁሉንም ይሰፋል፣ በእግር በምትረገጥ አሮጌ መኪና። ወሬኛ፣ ተጫዋች፣ ሲስቅ ቤት የሚሞላ ሰው ነበር። በረመዳን አጋማሽ እግሩን አሞት መጣ።

"ባቴን ይይዘኛል፣ ዶክተር" አለኝ። ወንድ ነርስ እኛ ዘንድ ሁሌም ዶክተር ነው። "ስሄድ ይይዘኛል፣ ስቆም ይለቀኛል። ከዛ ስሄድ እንደገና ይይዘኛል።"

እግሩን ዳሰስኩት፤ ቀዝቅዟል። የጣቶቹን ጫፍ አየሁ፤ ቢጫ ናቸው። "በቀን ስንት ፍሬ?" አልኩት።

"አንድ ፓኮ። በርጫ ላይ፣ ጫት ይዤ ከተቀመጥኩ ግን ማን ይቆጥራል?"

"ደም ሥርህን እየዘጋው ነው። አቁም።"

"እሺ አቦ፣ አቆማለሁ። እንዴት ነው የሚቆመው?"

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ብዙ ሰው አቁም ብያለሁ። ብዙዎቹ እሺ ብለው ይሄዳሉ። እንዴት ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ሥልጠና ወስደን ነበር፤ የሚታኘክ ማስቲካ አለ፣ ክንድ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር አለ ብለው በሥዕል አሳይተውናል። እኛ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ግን ሁለቱንም አይቼ አላውቅም። ለግፊት ክፍል ነበረን፣ ለስኳር ክፍል ነበረን፣ ለቲቢ ክፍል ነበረን። ሲጋራ ለሚያቆም ሰው የነበረን ቅጹ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፤ "ምክር ተሰጥቶታል" የምትል። ምልክት ታደርግባታለህ፣ አለቀ።

ስለዚህ ብልጥ ልሁን አልኩ። "ረመዳን አይደለም እንዴ? ቀኑን እንዴት ትውላለህ?" አልኩት።

"ፆም ነዋ! ፆም ሌላ ነው። ቀን ላይ እኔ አይደለሁም ሲጋራውን የምይዘው፣ በልቤ ለፆሙ ያሰርኩት ኒያ ነው የሚይዘኝ። ማግሪብ ተብሎ ፆሙ ከተፈታ በኋላ ግን ወላሂ እጄ ራሱ ይሄዳል።"

"እንግዲህ ግማሹን ሠርተኸዋል። ማታውን ብቻ ጨምርበት።"

ሳቀ። "ማታውን ጨምርበት!" ብሎ ደገመው፣ እንደ ቀልድ። ወዲያው ሳቁን አቆመና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ኢንሻአላህ" አለኝ። ራሴን አደነቅሁ። ዳግመኛ የሚመጣበትን ቀን ግን አልሰጠሁትም። በቀጠሮ መዝገባችን ላይ የሱ ዓይነት ሰው የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። እኔም አንዲት ብጣሽ ወረቀት ቀድጄ መጻፍ አላሰብኩም። "ምክር ተሰጥቶታል" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ሸኘሁት። የሰጠሁት ምክር የፆመኛን ጉልበት ከፆሙ ነጥሎ ያየ ምክር መሆኑ ያን ቀን አልገባኝም።

የኢድ ማግስት ጤና ጣቢያው ገበያ ይመስላል። ሥጋ የበላ፣ ጣፋጭ የበዛበት፣ ሆዱ የተነፋ ሁሉ ይመጣል። ያን ቀን አንዲት ነርስ ቀርታብኝ ነበር። ከመጀመሬ በፊት ከማቃጠያው ጀርባ ሁለት አከታትዬ አጨስኩና ስመለስ በካርድ ክፍሉ መስኮት አንገቴን አስገብቼ፣ ካርድ ለምታወጣው ለአይናለም "ዛሬ የታመመ ብቻ ላኩልኝ! ወሬ ሊያወራ የመጣውን መልሱልኝ" አልኳት። ይህን ማለቴን በዚያው ቀን ረሳሁት።

ከአንድ ዓመት በላይ አለፈ። አንድ ጠዋት ቁስል ክፍል ተራዬ ሆኖ ሳለ ሸምሱ በሰው ተደግፎ ገባ። ያሰረውን ጨርቅ ስፈታው ሽታው ቀደመኝ። ትልቁ የእግሩ ጣት ጠቁሯል። የእግሩን ጀርባ በሁለት ጣቴ ያዝኩት። እዚያ የደም ምት ሊነካህ ይገባል፤ እንደ ተልባ ፍሬ ትንሽ የሆነች ምት። የለችም። ወደ ቁርጭምጭሚቱ ውስጠኛ ጎን ሄድኩ፤ የለችም። ሌላው እግሩ ላይ በጣም ደካማ ናት። የሕመም ማስታገሻ ወጋሁት፤ ስለ ከብት የምጠይቀው ሰው አይደለም፣ ስለ ስፌት ጠየቅሁት።

ወደ ሆስፒታል የምልክበትን ወረቀት ስጽፍ "አላቆምክም አይደል?" አልኩት። በቁጣ ነው ያልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

"መጥቼ ነበር" አለ።

"መቼ?"

"የኢድ ማግስት።"

በሰው ተደግፎ ወደ ሆስፒታል ሄደ። እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። እኔ ሆስፒታል በላክሁት ዕለት ከሰዓት አይናለምን ጠየቅኋት። ወዲያው አስታወሰችው፤ እሷ ሰው አትረሳም። "አዎ፣ ያ ልብስ ሰፊው። ምንህን ነው ያመመህ አልኩት። 'አላመመኝም፣ ሲጋራ አቁሜ ነው' አለኝ። ኢድንም አለፍኳት፣ ሁሉም እያጨሰ እኔ አላጨስኩም፣ ዛሬ ግን ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ ዶክተሩ ከዚህ በኋላ ምን አድርግ ይለኝ ይሆን አለኝ። ካልታመምክ ካርድ አይወጣም አልኩት። አንተ ነህ የታመመ ብቻ ያልከኝ።"

ሰውየው አሥራ ምናምን ቀን ይዞ፣ ከሁሉም የከበደውን የኢድ በርጫ ሳያጨስ አልፎ፣ ደጄ ድረስ መጥቷል። ከእኔ የሚያርቀው አንድ መስኮት ነበር። እኔ ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ የሆድ መድኃኒት እጽፋለሁ። ያን ቀን አንድ ቃል ብነግረው ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። ግን ያ ቃል ከእኔ ይጠበቅ ነበር፣ እሱም ሊቀበለው መጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእሱ ሱቅ በኩል ማለፍ ተውኩ። መጋላ ጉዳይ ሲኖረኝ በሌላ መንገድ እዞራለሁ። ከቀጠሮ የቀረን ሰው ፍለጋ በምትወጣ ሴት ሥር የሠለጠንኩ ሰው፣ እኔው ያባረርኩትን ሰው ሸሸሁ።

በዚያ ሰሞን ግን አንድ ነገር ሞክሬአለሁ። ሲጋራ የሚያቆሙ ሰዎች የሚመዘገቡበት አንድ መዝገብና በሳምንት አንድ ከሰዓት ይፈቀድልኝ ብዬ ኃላፊያችንን ጠየቅሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግድግዳውን ሁሉ "ማጨስ ክልክል ነው" በሚል ወረቀት የሞላ ሰው ነው። "ሙሉጌታ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ቅጽ የለውም። ቅጽ የሌለውን ሪፖርት ማን ይቀበለኛል?" አለኝ። ልከራከረው እችል ነበር። ነገር ግን እሱ ፊት ቆሜ የጋዋኔ ኪስ ውስጥ ፓኮው ይሰማኛል፤ በየት አፌ ልናገር? ወጥቼ ወደ ማቃጠያው ሄድኩ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። አልማዝ ምሳ አቀረበች፣ ሁለት ጊዜ ጎርሼ ተመለስኩ። እጄ ወደ ሸሚዝ ኪሴ ሄዶ ባዶ ሲያገኘው አሁንም ይደነግጣል።

ጡረታ ወጥቼ በሁለተኛው ወር ደቻቱ ድልድይ ላይ ባቴን ያዘኝ። ቆምኩ፤ ለቀቀኝ። ሄድኩ፤ ያዘኝ። ድልድዩን ተደግፌ ባጃጁ ሁሉ እየጮኸ ሲያልፈኝ ሸምሱን አሰብኩ። ቤት ገብቼ ካልሲዬን አወለቅሁና የገዛ እግሬን ጀርባ በሁለት ጣቴ ያዝኩ። ምቷ አለች፣ ግን ቀጥናለች። ፈራሁ። ይህን ያለ ሐፍረት እጽፈዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ጥቂት ቀን አንገራግሬ ፓኮዬን ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩ።

በአራተኛው ቀን መቋቋም አቃተኝ። ላብ፣ ቁጣ፣ እንቅልፍ ማጣት። አልማዝን ያለ ጥፋቷ ጮኽኩባት። እግሬ ወዴት ወሰደኝ? ወደ ጤና ጣቢያዬ። በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ተሰለፍኩ። አይናለም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች፤ የማላውቃት ልጅ ነበረች። "አባባ፣ ምንህን ነው ያመመህ?" አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፣ እኔ ግን ማውጣት አቃተኝ። "ምንም" ብዬ ወጣሁ። በሩ ላይ ሱቅ በደረቴ ቆሟል፣ ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ሲጋራ በፍሬ። አንድ ፍሬ ገዛሁ። ክብሪቱን ሊለኩስልኝ ሲል "ቆይ" አልኩት። ሲጋራውን በመዳፌ ጨብጬ ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ሁለት ጊዜ ቆሜ። ከሸሸሁት መንገድ ገባሁ።

ሸምሱ በሩን ገርበብ አድርጎ ብቻውን ይሠራል። ጠጉሩ ሸብቷል። መኪናዋን ሞተር አስገጥሞላታል፤ የቀረው እግሩ መርገጫዋን ነካ ሲያደርጋት ትሮጣለች። አይቶኝ ሥራውን አላቆመም። "ሱሪ ነው ጋቢ?" አለኝ።

"የኢድ ማግስት" አልኩት፣ ቆሜ። "የታመመ ብቻ ላኩልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።"

መኪናዋ ቆመች። "አውቃለሁ። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ያኔውኑ ነገረችኝ፣ 'እሱ ነው ያለኝ' ብላ።"

"ታዲያ ቁስል ክፍል ስትመጣ ለምን አልሰደብከኝም?"

"እግሬን ይዘኸው ነበራ" አለ። ቀጥሎም እንዲህ አለኝ፣ "ከመስኮቷ ወጥቼ በሩ ላይ አንድ ፍሬ ገዛሁ። በጣም ተናድጄብህ ነበር። ለብዙ ዓመት ተናድጄብህ ነበር። ሲጋራውን ያቆምኩት እግሬ ከሄደ በኋላ ነው፣ በርጫውንም አብሬ። በዚህ ሰዓት መኪናዋን አስጮሃለሁ፣ ያልፋል። አሁን ምን ልታሰፋ መጣህ?"

ቃሉ ያን ጊዜ ወጣልኝ። "አላመመኝም። ሲጋራ አቁሜ ነው።"

መዳፌን ከፈትኩለት። ላብ ያበሰበሰው ሲጋራ ተጣሟል። ሸምሱ አነሳው፣ በትልቁ መቀስ ሦስት ቦታ ቆረጠውና ከጨርቅ ቁርጥራጩ ጋር ወደ ካርቶኑ ጠረገው። ሱሪ ወረወረልኝ። "ቁጭ በል። ቁልፍ ትከልልኝ። ቁስል የሰፋ እጅ ቁልፍ አያቅተውም።" እስከ አሥር ሰዓት ቁልፍ ተከልኩ። ሦስቱን ገልብጬ ተከልኳቸውና በሳቅ ፈታቸው፤ ያ ቤት የሚሞላ ሳቁ አለ። ስነሳ ለደንበኛ ከሚሰጠው ወረቀት አንዲት ቀደደ፤ በጠመኔ እርሳሱ "ነገ ስምንት ሰዓት" ብሎ ጻፈ።

"የልብስ ሰፊ ቀጠሮ ማን ያምናል?" አልኩት።

"ይቺን እመናት" አለኝ። ከእጁ ስወስዳት ግን አልለቀቀልኝም። "መቼ ነው?"

"ነገ ስምንት ሰዓት" አልኩ። ያን ጊዜ ለቀቃት። ሲስተር ሮማንን አያውቃትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አዲስ ወረቀት ይሰጠኛል። ሰዓቱ አሁን ለስምንት ሃያ ጉዳይ ይላል። ድልድዩ ጋ አንድ ጊዜ፣ ከድልድዩ ወዲያ አንድ ጊዜ እቆማለሁ፣ ለመቆሚያዬም ጊዜ መያዝ አለብኝ። ማርፈድ አልችልም። ካረፈድኩ ክራንቹን ይዞ ፍለጋ እንደሚወጣ ነግሮኛል፣ በዚህ ፀሐይ፣ በአንድ እግሩ።